ነጭ የደም ሴል «ኖርማል» ሲል አትዘናጉ

የሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የራሱን አካላት የሚጎዳበት ሕመም) ታካሚ አልጋ በያዘ በአራተኛው ቀን ነጭ የደም ሴሉ ከ18,000 ወደ 9,000 ይወርዳል። ካርዱ ላይ «ኖርማል» ይጻፍና ራውንዱ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን እዚህ ጋ ነው።

ጠቅላላውን ቁጥር በሊምፎሳይቱ (ከነጭ የደም ሴል ዓይነቶች አንዱ) ፐርሰንት አባዙት። 9,000 ላይ 5 በመቶ ከሆነ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 450 ሊምፎሳይት ብቻ ነው ያለው። ጎኑ የተኛው ታካሚ 13,000 ኖሮት 12 በመቶው ሊምፎሳይት ቢሆን 1,560 አለው። ወረቀቱ ላይ የሚያስደነግጠው የሁለተኛው ነው፤ እኔ ግን ቶሎ ተመልሼ የማየው የመጀመሪያውን ነው። ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ በተገኘባቸው የሴፕሲስ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የአራተኛው ቀን የሊምፎሳይት ቁጥር 28 ቀን ከመትረፍ ጋር እንደሚያያዝ፣ 600 እና ከዚያ በታች የሆነባቸው ደግሞ ሌላ ኢንፌክሽን በብዛት እንደሚደርብባቸው አሳይቷል።

በከባድ ሴፕሲስ ሊምፎሳይቶች፣ ጣፊያ ውስጥ ያሉት ጭምር፣ በገፍ ይሞታሉ። መቅኔው በበኩሉ ያልበሰሉ ኒውትሮፊሎችን (ባክቴሪያን ቀድመው የሚዋጉ ነጭ ሴሎችን) እያጣደፈ ይለቃል። ታካሚው ከመጀመሪያው ጀርም ቢተርፍ እንኳ ለሆስፒታሉ ጀርም መከላከያ አጥቶ ይቀርባል። ሊምፎሳይቱ በመጀመሪያው ቀን መውረዱ የተለመደ ነው፤ የሚያሳስበው አለመመለሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) አይበቃም፤ የመጀመሪያውና የአራተኛው ቀን ውጤት ጎን ለጎን ይታይ።

ቁጥሩ የሚታመነው ግን ናሙናው ከታመነ ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቱቦ እስከ ምልክቱ ይሞላ፤ ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ተብሎ ይገለባበጥ እንጂ አይናጥ። ግሉኮስ ከሚወርድበት ክንድ የተቀዳ ደም ስለሚቀጥን ሁሉም ቁጥር ዝቅ ይላል። ስሚሩ (መስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ደም) በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ደሙ ቱቦ ውስጥ ከዋለ ኒውትሮፊሉ መልኩን ይቀይራል።

ነጭ ሴልን በሦስት ዓይነት ብቻ የሚለየው ማሽን ባንድ ሴልንም (ያልበሰለውን ኒውትሮፊል) ኢኦሲኖፊልንም (በአንጀት ትልና በአለርጂ የሚበዛውን ነጭ ሴል) ለይቶ አያሳይም። ይባስ ብሎ፣ በጠና የታመመ ሰው ደም ውስጥ ኒውክለስ ያላቸው ቀይ ሴሎች ሲወጡ ሊምፎሳይት ብሎ ሊቆጥራቸው ይችላል፤ 450 የነበረው 900 መስሎ ይመጣል። ስሚር ላይ 100 ነጭ ሴል ስትቆጥሩ ከእነዚህ 10 ካገኛችሁ፣ ጠቅላላውን በ100 አባዝታችሁ ለ110 አካፍሉ። መገኘታቸው ራሱ ክፉ ምልክት ስለሆነ ለሐኪሙ ይጻፍለት። ኒውትሮፊሉ ውስጥ የጠቆሩ ደቃቅ ቅንጣቶችና ቫኩኦሎች (ባዶ መሳይ ክፍተቶች) ካሉም እንዲሁ። ሊምፎሳይቱ በጣም ሲያንስ 100 ሴል መቁጠር ያሳስታል፤ 200 ቁጠሩ።

ጅማ ላይ ሆኖ የውጭ መጽሐፍ ቁጥር እንዳለ አይገለበጥም። የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ኒውትሮፊል ከአውሮፓውያኑ ዝቅ ስለሚል፣ ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት አካፍሎ የሚገኘውን ቁጥር ከራሱ ከታካሚው የቀደመ ውጤት ጋር ማወዳደር ይሻላል። ኢኦሲኖፊል ከ50 በታች መሆኑ ለሴፕሲስ ምልክት ነው ይባላል፤ የአንጀት ትል በበዛበት አካባቢ ግን መነሻው ከፍ ያለ ሰው ስለሚኖር ብቻውን አልመካበትም። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሊምፎሳይቱ ያነሰው በወባ ሊሆን ይችላል። ኤችአይቪና ቲቢም ይቀንሱታል። ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ መድኃኒት) የተሰጠው ታካሚ ኒውትሮፊሉ ወጥቶ ሊምፎሳይቱና ኢኦሲኖፊሉ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከመተርጎሙ በፊት የመድኃኒት ካርዱ ይገለጥ።

ሞኖሳይት (ሌላ ዓይነት ነጭ ሴል) ላይ ያለውን ኤችኤልኤ-ዲአር የተባለ ፕሮቲን መለካት የመከላከያ አቅሙን የበለጠ ያሳያል፤ ሴሎችን በሌዘር የሚለይ ፍሎው ሳይቶሜትርና በረዶ ላይ የተጓዘ ናሙና ስለሚፈልግ ግን ለዕለት ሥራ ይከብዳል።

ይህ ሁሉ አንቲባዮቲክን አያዘገይም። ሾክ ላይ (የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ) ላለ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ ሲቢሲ አይጠበቅም። የሊምፎሳይቱ ጥያቄ የሚመጣው በአራተኛው ቀን ነው። አሁንም ከ600 በታች ከሆነ፣ ትኩሳቱ ቢበርድም፣ ያልፈሰሰ መግል እንዳለ ሆዱንና ደረቱን በአልትራሳውንድ ፈልጉ። ደም ሥር ውስጥ የቆየ ካኑላና የሽንት ቱቦ ካላስፈለገ ይውጣ። የኤችአይቪ ምርመራ ካልተሠራ ዛሬውኑ ይሠራ። ወደ ቤት ለመሸኘት አትቸኩሉ፤ ሲቢሲውን በ48 ሰዓት ድገሙት።