ከማድቤት እንጀምር

ባሕር ዳር ላይ ስለ ብክለት ማስተማር የሚከብደው ከተማዋ ስለምታምር ይመስለኛል። ዘንባባው አለ፣ ሐይቁ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ አለ። ልጆቹን «ብክለት የት አለ?» ብላችሁ ስትጠይቋቸው አዲስ አበባ ይላሉ፣ ቻይና ይላሉ፣ ፋብሪካ ይላሉ። የሐይቁን አረም፣ እምቦጭን የሚያነሳም አይጠፋም። የገዛ ቤቱን ማድቤት የሚጠራ ግን የለም ማለት ይቻላል።

እኔ የምጀምረው ከዚያው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሰበብ ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ምንጩ ምግብ ለማብሰል የሚነደው እንጨት፣ ኩበት፣ ከሰልና ላምባ ነው። ሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት፣ ልባቸውን የታመሙ አዋቂዎች፣ ለዓመታት ምድጃ ሥር ተቀምጠው ትንፋሽ ያጠራቸው እናቶች ሁሉ እዚህ ቁጥር ውስጥ አሉ።

ከዚያ ወደ ከሰል እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ከሰል ዛሬ ማታ ሰው ሊገድል ይችላል። ሁሌም አንድ ልጅ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ፍም ከሆነ በኋላ እኮ አይጎዳም፣ ጭስ የለውም» ይላል። ሌሎቹም ይስማማሉ፤ ቤት ሲባል የሰሙት ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ አልቸኩልም። ቀይ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚያወጣ፣ ጋዙ ቀለምም ሽታም እንደሌለው፣ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ደግሞ ይህንን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ እንደሚይዝ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስረዳለሁ። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ። ክፉው እንቅልፉ ነው፣ የተኛ ሰው ተነስቶ በር አይከፍትም። ክረምት ሲገባ ቡና የተፈላበት ምድጃ ለሙቀት ተብሎ መኝታ ክፍል ይገባል፣ መስኮቱም ይዘጋል። ስለዚህ የቤት ሥራቸው ይህንን ማታ ለቤተሰብ መንገርና የተባሉትን በማግሥቱ መጥተው ማውራት ነው። አያቶች አይቀበሉም። «እኛ ስንት ዘመን ሞቀን!» ይላሉ። አንዳንዷ እናት ግን ያንኑ ማታ ምድጃውን በረንዳ ታወጣለች።

መምህራን እባካችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ክፍላችን ውስጥ እናታቸው እንጀራ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው የሚያሳድጓቸው ልጆች አሉ። ጭሱ መርዝ ነው ብለን ብቻ ከወጣን ልጅቷ የምትማረው በእናቷ ማፈርን ነው። ማንም ወዶ ጭስ ውስጥ አይቀመጥም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ኖሮም መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ከተቻላቸው ነገር እንነሳ፦ በደንብ የደረቀ እንጨት መጠቀም፣ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ መክፈት፣ ሕፃን አዝሎ አለመጋገር፣ ታናናሾችን ከማድቤት ማራቅ። ሕፃኑን ማራቅ ምንም ብር አያስወጣም፣ ልጆቹም ሊያደርጉት የሚችሉት እሱን ነው።

ላቦራቶሪ የለንም ብላችሁ ደግሞ አትተዉት። ነጭ ካርቶን ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቫዝሊን ቀቡት፣ ልጆቹ አንዱን ማድቤት፣ አንዱን የባጃጅ መቆሚያ፣ አንዱን ሐይቁ ዳር ይስቀሉት። ከቀናት በኋላ ጎን ለጎን ሲያዩት ክፍሉ ይንጫጫል። ያኔ ነው ዋናውን ነገር የምነግራቸው። ካርቶኑ ላይ የሚታየው ትልልቁ ብናኝ ነው፣ አብዛኛውን አፍንጫና ጉሮሮ ያስቀሩታል። የሰው ፀጉር ውፍረቱ በአማካይ 70 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ገደማ ነው፤ ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ደቃቅ ብናኝ ግን እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይወርዳል፣ ከፊሉም ደም ውስጥ ይገባል። ለልብና ለአንጎል የሚተርፈው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ሐይቁ ስንመጣ ወንዶቹ ልጆች ይነቃሉ፣ ምክንያቱም ይዋኛሉ። በጥገኛ ትል የሚመጣውን በሽታ፣ ቢልሃርዚያን አነሳለሁ። ሜዳ ላይ የተጸዳዳንበት ዝናብ ያጥበውና የትሉ እንቁላል ውሃ ይገባል፣ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ የዋናተኛውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃው ጥርት ያለ መሆኑ ምንም አያድንም። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያክመዋል፣ ተመልሶ የገባበት ግን ተመልሶ ይያዛል። ዝም ብለው ከተዉት በዓመታት ውስጥ ጉበት ይጎዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

እምቦጭንም ከዚሁ ጋር አያይዤ ነው የማስተምረው። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው እየዘመተ በእጁ ነቀለ! ድካሙን አከብራለሁ። ግን እምቦጭ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው፤ ከማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የወጣ ፍሳሽ በመገጭ፣ በርብ፣ በጉማራ፣ በግልገል ዓባይ በኩል ይገባል። ምግቡን እየላክንለት ብንነቅለው ተመልሶ ይበቅላል። ተማሪዎቹ ይህንን ካወቁ የጎረቤታቸውን ሽንት ቤት ፍሳሽ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ሲያዩት ዝም አይሉም።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። በብዙ ትምህርት ቤቶች ቆሻሻ የሚቃጠለው ግቢ ውስጥ ነው። ፌስታል፣ የደረቀ ቅጠል፣ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ሁሉም አንድ ጉድጓድ ውስጥ። ክፍል ውስጥ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣውን መርዝ እያስተማርን ጭሱ በመስኮት ይገባል። አስም ያለበት ልጅ ደብተሩን አፉ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እንዲህ እየሆነ ፈተና ላይ «የአየር ብክለት መንስኤዎችን ዘርዝር» ማለት ልጆቹን መናቅ ነው።

የእኛ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ነገሩን በሚኒ ሚዲያ አንስተውታል። ቅጠሉን ለይተው ኮምፖስት ያደርጋሉ፣ ሃይላንዱን ለሚገዙ ሰዎች ይሸጣሉ። የቀረው ፌስታሉ ነው፣ የሚወስደው የለም። የከተማው ቆሻሻ መኪና ግቢያችን በቋሚነት እንዲገባ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ራሳቸው ጽፈው ለርዕሰ መምህሩ አስገብተዋል። መልስ እየጠበቁ ነው፣ እኔም አብሬያቸው።