ሰይጣንን ለማሳፈር የተከፈተ ትምህርት ቤት

ትናንት ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛዬ "አሜሪካ እኮ ከድሮም ሁሉንም በነፃ ነው የምታስተምረው" አለ፣ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም ገባሁበት። ኧረ ቆይ! ማሳቹሴትስ የምትባለው የዛሬዋ የአሜሪካ ግዛት በ1647 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) 50 አባወራ ያለው ከተማ ማንበብና መፃፍ የሚያስተምር ሰው ይቅጠር ብላ ህግ ያወጣችው ለስራ ምናምን ሳይሆን ሰይጣን ሰውን ከመፅሀፍ ቅዱስ እንዳያርቀው ነው፣ ደሞዙንም ወይ ወላጅ ወይ ነዋሪው ይክፈል ተባለ። እኛ ወሎዬዎች ይሄ አይገርመንም፣ ግማሻችን ቄስ ጋ ዳዊት ደግመን ግማሻችን ሼህ ጋ ቁርአን ቀርተን ነው ያደግነው።

ነገሩ መልክ የያዘው ሆራስ ማን የሚባል ሰውዬ በ1837 የማሳቹሴትስ ትምህርት ቦርድ ፀሀፊ ከሆነ በኋላ ነው። በፈረስ እየዞረ ትምህርት ቤቶቹን አየ፣ የሀብታምም የደሃም ልጅ አንድ ላይ ይማር፣ ወጪውን ግብር ይሸፍነው፣ አስተማሪውም ራሱ ይሰልጥን እያለ ሲወተውት በ1839 የመጀመሪያው የመንግስት የመምህራን ማሰልጠኛ ሌክሲንግተን ላይ ተከፈተ። በ1852 ማሳቹሴትስ ትምህርትን ግዴታ አደረገች፣ ሚሲሲፒ ግን እስከ 1918 ቆየች!

የተጣላነው "ሁሉንም" የምትለዋ ላይ ነው። ሳውዝ ካሮላይና በ1740 ባሪያን መፃፍ ማስተማር በህግ ከልክላለች፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪን በህግ መለየት ህገ መንግስት ይጥሳል የተባለው ደግሞ በ1954 ነው፣ ያኔ እኮ እዚሁ ደሴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ልጆች እያስተማረ ነበር።

ጓደኛዬ የቡናውን ሳይከፍል ሄደ።