የቴክኖሎጂ ዜናን በኤአይ ረዳት የማጣራበት መንገድ፦ ከሐዋሳ የጥገና ሥራ

በሐዋሳ የጥቂት ሆቴሎችንና ሱቆችን ኮምፒውተርና ኔትወርክ እየተከታተልሁ የምተዳደር የጥገና ባለሙያ በመሆኔ፣ የቴክኖሎጂ ዜና ለእኔ የሥራዬ አካል ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ ጉዳዩ የእንግዳ መቀበያ ኮምፒውተሮቻቸውን አምነው የሰጡኝን ሰዎች በቀጥታ የሚነካ ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ወሬ የሚደርሰን ስለ አዲስ ስልክ፣ ስለ ኩባንያዎች ክስና ስለ ቱጃሮች ንትርክ ከሚያወሩ እልፍ ርዕሶች ሥር ተቀብሮ ነው። ማጣራቱን ለኤአይ ረዳት ለመስጠት ያሰብሁት ከዚህ የተነሳ ነው።

ረዳቱን «የዛሬን የቴክኖሎጂ ዜና ንገረኝ» ማለት ብዙ እንደማያራምድ ወዲያው ይታያል። ረዳቱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ማለትም ሞዴሉ፣ የሠለጠነው እስከ አንድ የተወሰነ ቀን ድረስ በተሰበሰበ ጽሑፍ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ እንዲፈልግ ሲፈቀድለትም ብዙዎች የተቀባበሉትን ወሬ ያስቀድማል። የሚወዱትን ርዕስ መንገርም ያን ያህል አይረዳም፤ የሳይበር ደህንነት እንደሚስበው ለተናገረ ሰው የሚቀርብለት በባሕር ማዶ ኩባንያ ላይ የደረሰ የመረጃ ስርቆት ነው። ሁኔታው የተለወጠው ፍላጎቴን ትቼ ኃላፊነቴን በጽሑፍ ሳስቀምጥ ነው፦ የትኞቹን የማይክሮቲክ ራውተሮች (ኢንተርኔትን ለኮምፒውተሮቹ የሚያከፋፍሉ ዕቃዎች) እንደምይዝና በየትኛው የሶፍትዌር እትም እንደሚሠሩ፣ የትኛው የካሜራ መቅጃ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ በየትኛው ዊንዶውስ ላይ እንደተጫነ፣ ሱቆቹ የቴሌብር ክፍያ የሚቀበሉባቸው ስልኮች ምን አንድሮይድ እንዳላቸው። ከዚህ ሥር ፈጽሞ እንዳይመጣብኝ የምፈልገውን አስፍሬአለሁ፤ ይህ ሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው ይረዝማል።

የዜና ትኩስነት ብቸኛ መመዘኛ እንዳልሆነ ያሳየኝም ይኸው የንብረት ዝርዝር ነው። ሲቪኢ-2018-14847 በሚል መለያ ለሚታወቀው የማይክሮቲክ ራውተሮች የደህንነት ቀዳዳ (አጥቂ ሊገባበት የሚችል የሶፍትዌር ጉድለት) ኩባንያው ማስተካከያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2018 ነበር፤ አጥቂዎች ግን ባልታደሱ ራውተሮች ውስጥ እየገቡ በእነሱ በኩል ወደ ተጠቃሚዎች በሚያልፉ ገጾች ላይ ክሪፕቶ ገንዘብ የሚያመርት ኮድ ሲሰኩ የነበሩት ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ዜናው ለጋዜጠኛ ባረጀበት ወር ራውተሩን ላላደሰ ሰው ይበልጥ አስቸኳይ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የሳይበርና የመሠረተ ልማት ደህንነት ኤጀንሲ ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ የሚያወጣውን፣ በተግባር ጥቃት እየተፈጸመባቸው ያሉ ቀዳዳዎች ዝርዝር ከምንጮቼ ሁሉ አስቀድሜዋለሁ። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ከ0 እስከ 10 የሚሰጠው የአደገኝነት ነጥብ ቀዳዳው ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ይገልጻል እንጂ አሁን ማንም እየተጠቀመበት ስለመሆኑ አይናገርም፤ ለረዳቱ በሰጠሁት መመሪያም በዝርዝሩ ውስጥ ያለ የ7 ነጥብ ቀዳዳ፣ በዝርዝሩ ከሌለ የ9 ነጥብ ቀዳዳ በፊት ይመጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ባለው አርኤስኤስ በተባለው የዜና መቀባበያ ቅርጽ አማካይነት፣ ራሱ ረዳቱ አግዞኝ የጻፍሁት አጭር ፕሮግራም ርዕሶችን፣ መግለጫዎችን፣ ቀኖችንና አድራሻዎችን ይሰበስባል፣ የተደጋገሙትን ያስወግዳል፣ የቀረውን ለረዳቱ ያቀርባል፤ ውጤቱም በቴሌግራም ቦት (መልእክት በራሱ በሚልክ አካውንት) ይደርሰኛል። መብራት ከጠፋ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ቀንንና አድራሻን ለሞዴሉ አልተውኩም፤ የእሱ ድርሻ መምረጥና ለምን እንደመረጠ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነው። አፕል በዲሴምበር 2024 በቢቢሲ ስም የቀረበ አንድ የኤአይ ማጠቃለያው በግድያ የተጠረጠረ ሰው ራሱን እንደተኮሰ አድርጎ በሐሰት ከተናገረ በኋላ፣ በተከታዩ ጃንዋሪ የዜና ማጠቃለያዎቹን ለማገድ መገደዱ የሚታወስ ነው። በእኔም ዘንድ ማጠቃለያው ዋናውን ጽሑፍ ለመክፈት ምክንያት ይሆናል እንጂ፣ እሱን ብቻ አንብቤ የደንበኛ ራውተር አልነካም። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ትእዛዝ «የሚመለከተኝ ከሌለ የለም በል» የሚለው ነው፤ ያለዚያ ረዳቱ የተሰጠውን ቦታ ለመሙላት ሲል እንቶ ፈንቶውን ሁሉ አስፈላጊ ያስመስለዋል።

ሰዓቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ወርኃዊ ማስተካከያዎቹን የሚለቀው በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ይህ በእኛ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል። ረቡዕ ማለዳ ከረዳቱ የሚደርሰኝ የዜና ዝርዝር ስለዚህ ከሌላው ቀን ይከብዳል።

አማርኛን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው፣ ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎችም ጽሑፍ የሚቆራርጡበት ዘዴ በእንግሊዝኛ ላይ ያመዘነ በመሆኑ አንድ ዓይነት ሐሳብ በአማርኛ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይከፋፈላል፣ ወጪውም ይበልጣል። በመሆኑም ምርጫው በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ ይካሄዳል፣ ወደ አማርኛ የሚመለሱት የተመረጡት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ቀንን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረውም ፕሮግራሙ ነው።

የደንበኞቼ ስም፣ የይለፍ ቃልና የኔትወርክ አድራሻ ለረዳቱ በምሰጠው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ከዚህም ሌላ፣ አንድ ገጽ ለኤአይ ብቻ የታሰበ ትእዛዝ በጽሑፉ ውስጥ ደብቆ ሊይዝ ስለሚችል፣ ረዳቱ መልእክት የመላክም ሆነ ቅንብር የመቀየር ፈቃድ የለውም።

የአንዱ ሆቴል ባለቤት ጋሼ ነገሩን ሰምተው «ልጄ፣ ለእኔም ይድረሰኝ እንጂ» ብለውኝ ነበር። ለእሳቸው የረዳቱን ዝርዝር አልልክም፤ ዕቃ መቀየር ወይም ወጪ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ ብቻ ዋናውን ምንጭ አንብቤ፣ ምን እንደሚገዛና እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል በራሴ ቃል ጽፌ እሰዳለሁ።