ውሻ ይዞ ቤት መከራየት በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ይዞ ቤት የሚፈልግ ተከራይ ከዋጋው በፊት የአከራዩን ፊት ማንበብ ይኖርበታል። ውሻ በግቢ የሚፈለገው ለጥበቃ በመሆኑ፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ የሚተኛ ውሻ ለብዙ አከራዮች እንግዳ ነገር ነው፤ በኮንዶሚኒየም ደግሞ ደረጃው የጋራ ስለሆነ የጎረቤትም ይሁንታ ያስፈልጋል። ደላላው «ችግር የለም፣ እኔ አናግራቸዋለሁ» ቢለኝም፣ አከራይዋ እናት ቡችላዬን ሲያዩ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ ጠበል የሚረጭበት ቤት ነው» አሉኝ (ድመት ብትሆን፣ ለአይጡ ሲሉ፣ ሳይፈቅዱልኝ አይቀሩም ነበር)። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ2 ዓመት እንዳያንስ ስለሚደነግግ፣ የውሻው ጉዳይ፣ የጩኸቱና የሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊነት ጭምር፣ በቃል ከሚቀር በውሉ ላይ ቢሰፍር ይሻላል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ማስረጃውንም ቤት ለማየት ሲኬድ አብሮ መያዝ ይገባል።