አይኤስኦ ልምምድ በሐረር፦ ከፈረስ መጋላ ፀሐይ እስከ ማታው ጅብ

የዚህ ሳምንት የአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት ቁጥር) ልምምድ ጀጎል ውስጥ ነው። ጀማሪዎችን የሚጎዳው ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየው ሻካራ ነጠብጣብ) ሳይሆን ኖይዝን መፍራት ነው። አይኤስኦውን 400 ላይ አስረው ጨለማ ክፍል ይገባሉ፤ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/15 ሰከንድ ላይ ይወርድና የሰው እጅም ፊትም ይደበዝዛል። ኖይዝ ኮምፒውተር ላይ ይለሰልሳል፤ ሰው ተንቀሳቅሶ የደበዘዘ ፊት ግን አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ሻተር፣ ቀጥሎ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ በኤፍ ቁጥር የሚለካው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ መጨረሻ ላይ አይኤስኦ።

ቁጥሩ በእጥፍ ይሄዳል። ከ100 ወደ 200፣ ከ200 ወደ 400 ባወጣችሁት ቁጥር ፎቶው አንድ ስቶፕ (ማለትም በእጥፍ) ይደምቃል፤ ወይም ድምቀቱ ሳይለወጥ ሻተሩን በእጥፍ ታፈጥናላችሁ። ዲጂታል ካሜራ ላይ አይኤስኦ ወደ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ) የሚገባውን ብርሃን አይጨምርም፤ የገባውን ያጎላል እንጂ። ኖይዝ በዋናነት የሚመጣው ሴንሰሩ ላይ ያረፈው ብርሃን ሲያንስ ነው። በ800 አጨልሞ አንስቶ ኋላ ሁለት ስቶፕ ማድመቅ መጀመሪያውኑ በ3200 ከማንሳት የጠራ ፎቶ አይሰጥም፤ በብዙ ካሜራዎች ጥላው ላይ እንዲያውም ይብሳል።

እኩለ ቀን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 1/400 ይበቃል። ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወደ መኪና ግርግር ስትታጠፉ ጥላ ውስጥ ብርሃኑ 3 ወይም 4 ስቶፕ ይወርዳል። ኤፍ 5.6 እና አይኤስኦ 400 ሲሆን ሻተሩ 1/200 አካባቢ ይመጣል። ልብስ ሰፊ ሲሠራ እጁ አያርፍምና 1/250 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ 800 ብታደርጉት ምንም አትጎዱም። በኖራ የተቀባ ግድግዳ ፍሬሙን ከሞላው ግን የካሜራው ብርሃን መለኪያ ይታለልና ነጩን ግራጫ ያደርገዋል። ያኔ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (የድምቀት ማስተካከያውን) +1 አድርጉ።

ሱቅ ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና አንዳንድ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሻተሩ ከ1/100 ሲፈጥን ፎቶው ላይ የጠቆሩ መስመሮች ሊወጡ ይችላሉ። ወደ 1/100 መልሱትና አይኤስኦውን በዚያው ልክ ቀንሱ።

ባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ ብርሃኑ የሚገባው በአብዛኛው በበሩ ነው። ሰው ካለ አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 3.5፣ 1/80 አካባቢ ሞክሩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች ብቻ ከሆነ የምታነሱት፣ ካሜራውን መደቡ ላይ አስቀምጡ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር ሙሉ፣ አይኤስኦ 100 አድርጉ። ሻተሩ 1/5 አካባቢ ቢሆንም ስፌት አይንቀሳቀስም። ዝቅተኛ ቁጥር ቦታው እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነው።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ያለው ብርሃን የመኪና ወይም የባትሪ ብቻ ነው። የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ካላችሁ አይኤስኦ 3200 እና 1/160 ጥሩ መነሻ ነው። ከካሜራው ጋር የመጣውን ኤፍ 3.5 ሌንስ ከያዛችሁ 6400 አድርጋችሁም ሻተሩ ወደ 1/80 ይወርዳል፤ ስለዚህ ጅቡ ጭንቅላቱን ያሳረፈበትን ቅጽበት ጠብቁ። ጥቁሩ ጀርባ መለኪያውን ስለሚያሳስት የመጋቢው ፊት እንዳይነጣ ኮምፔንሴሽኑን ወደ -1 አውርዱ።

ኦቶ አይኤስኦን (ካሜራው ራሱ አይኤስኦውን የሚመርጥበትን) አትናቁት፤ ለእኛ ጠባብ መንገዶች የተሠራ ነው የሚመስለው። ጣሪያውን 6400፣ ዝቅተኛውን ሻተር 1/125 ላይ ወስኑለት፤ ሁለቱን ካልወሰናችሁለት ካሜራው በራሱ ግምት ይሄዳል።

ማታ 6400 ላይ የተረሳ ካሜራ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲወጣ በኤፍ 5.6 ከ1/50000 በላይ ሻተር ይፈልጋል። የብዙዎቹ ካሜራዎች መጨረሻ 1/4000 ስለሆነ ፎቶው ይነጣል። ቪውፋይንደሩ (በዓይን የምታዩበት መስኮት) ውስጥ 4000 ብልጭ ድርግም ሲል ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለሚቀጥለው ሳምንት፦ ካሜራውን በማይነቃነቅ ነገር ላይ አድርጋችሁ አንድ ጥላ ያለበት ቦታ ከ800 እስከ 12800 በእጥፍ እየጨመራችሁ፣ ሻተሩንም በእጥፍ እያፈጠናችሁ አንሱ። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ሙሉ በሙሉ አጉልታችሁ፣ ከዚያ በስልክ መጠን እዩት። ለቴሌግራም የሚሆነው ጣሪያና ለትልቅ ህትመት የሚሆነው ጣሪያ ይለያያሉ፤ የየካሜራችሁን ሁለት ቁጥር ጽፋችሁ አምጡ።