ኬኩ ከጣርማበር አላለፈም

ቀኑ ታኅሣሥ 28፣ መሥመሩ ከአዲስ አበባ ደሴ። አውቶቡሱ 45 ወንበር ነው፤ አንድም አልተረፈም። ኮሪደሩ ላይ በካርቶን የታሰሩ ዶሮዎች ሳይቀሩ ተሰልፈዋል። የአውቶቡሱ ድርጅት ቢሮ የበዓል መስተንግዶ ብሎ በነፍስ ወከፍ አንድ ክሬም ኬክና አንድ የፕላስቲክ ለስላሳ አስጭኗል። ለረዳቱ የተነገረው አጭር ነው፦ ደብረ ብርሃንን እንዳለፋችሁ አድል፣ አስቂኝ ፊልሙን ክፈት።

አደለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉ እናት ኬኩን ገና በእጃቸው ሳይዙት፣ «የኔ ልጅ፣ ጾም መሆኑን ዘነጋችሁት?» አሉት። «ይቅርታ እማማ» ብሎ ለስላሳውን ብቻ ሰጣቸው። ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር የሚመለሰው ኬክ በዛ። የተቀበሉት ሕፃናትና ወደ ከሚሴና ኮምቦልቻ የሚሄዱ ሙስሊም ተሳፋሪዎች ነበሩ። ልጆቹም ክሬሙን በሉ፣ ለስላሳውን ጠጡ፣ አንገታቸውን አቅንተው ፊልሙ ላይ ተተከሉ። ጣርማበር ዋሻውን ወጥቶ ቁልቁለቱ ሲጀመር ጠመዝማዛው ላይ አንዱ ልጅ አስመለሰው፤ ሽታው ሁለተኛውን ጠራ፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን። ረዳቱ ኪስ ውስጥ የነበረው ፌስታል አሥር ብቻ ነው። መካከል ላይ አንድ ጎረምሳ ሲናጥ የመጣውን ለስላሳ ከፈተና የፊት ወንበሩን በአረፋ አጠበው። ደብረ ሲና ላይ ቁርስ ተብሎ የታሰበው ፌርማታ በባልዲ የማጠቢያ ፌርማታ ሆነ።

ቢሮው መጀመሪያ ረዳቱን ወቀሰ። ጥፋቱ ግን ከመመሪያው ነበር። ይህን መንገድ በሰዓት ማስተናገድ አይቻልም፤ በከፍታውና በጾሙ ነው የሚታየው።

ከጾሙ እንጀምር። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በገና ነው፤ ስለዚህ የዋዜማው መንገደኛ አብዛኛው ጿሚ ነው። ጥምቀትም ገሃድ፣ ማለትም የዋዜማ ጾም፣ አለው። የፋሲካ ቅዳሜ ደግሞ ይብሳል፤ አክፍሎት ላይ ያለ ሰው ውሃም አይቀምስም፣ ፊቱ ላይ ምግብ ማደልም ነውር ነው። እንቁጣጣሽ ላይ ዋዜማው ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳይሆን ማየት ያስፈልጋል። በረመዳን ለሚጾም መንገደኛ የሚሰጠው ታሽጎ፣ ለማፍጠሪያ ተብሎ ነው። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት መክሰስ ለጿሚውም ላልጾመውም፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይሆናል። ስለዚህ በበዓል ሰሞን ጉዞ ላይ ሁለት ዓይነት ማዘዝ ትርፉ ግራ መጋባት ነው፤ ሁሉንም የጾም ማድረግ ይሻላል። ቆሎ ከኬክ የሚበልጥበት ሌላም ምክንያት አለ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ኪሱ አድርጎት ይሄዳል፣ አይበላሽበትም።

አሁን የሚያዘው ጥቅል እንዲህ ነው። ለአንድ ሰው 100 ግራም ያህል ቆሎ፣ ማለትም ከሻይ ብርጭቆ ትንሽ የሚተርፍ፣ ገብስ ከሽምብራና ከጥቂት ለውዝ ጋር፤ አንድ የጾም ዳቦ፤ ግማሽ ሊትር ውሃ። ለ45 ሰው 4.5 ኪሎ ቆሎ ይበቃል፤ መፍሰሱ ስለማይቀር አምስት ኪሎ ይገዛል። ጨው የበዛበት ቆሎ አይወሰድም፤ ውሃ ያስጠጣል፣ የጠጣ ሰው ደግሞ ሹፌሩን ገደል አፋፍ ላይ «አቁምልኝ» ይለዋል። ሱፍ በብዛት ሲሆን ለቁልቁለት ይከብዳል። ቸኮሌት ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይፈሳል። ሙዝም ጠዋት አምሮ ቆላው ላይ ይጠቁራል፤ የሚወስድ ሰው ያልበሰለውን ይምረጥ።

ሕፃናት ግን ሌላ ሒሳብ ናቸው። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎና ሙሉ ለውዝ መስጠት፣ ያውም በሚናጥ መኪና ውስጥ፣ ትንታ መጋበዝ ነው። ለእነሱ የሚሆነው የበሶ ጭብጦ ነው። ሦስት እጅ በሶ፣ ትንሽ ጨው ወይም ስኳር፣ አንድ እጅ ውሃ፤ ውሃው በአንዴ አይፈስም፣ እየተጨመረ ይታሻል። በጡጫ ሲጨበጥ ቅርጹን ከያዘና እጅ ላይ ካልተጣበቀ ደርሷል። ከተሰነጠቀ ውሃ አንሶታል፣ ካጣበቀ በሶ ይጨመርለታል። በልጁ አንድ ጉርሻ ልክ ይድቦለቦልና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል። ለጾም ቅቤ አይገባበትም፤ ዘይት ጠብ ማድረግ ይቻላል። የገብስ አገር ሰው ለመንገድ ስንቅ ከዚህ የተሻለ የፈለሰፈ አይመስልም፤ ክሬም ኬክ ከየት እንደመጣብን እንጃ።

ከፍታው ደግሞ ይኸውላችሁ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ይዘላል። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ይወረዳል። ወደ ላይ ሲወጣ የታሸገ ቺፕስ ይነፋል፤ በሻንጣ ሥር የተጨመቀው ይፈነዳል። ጣርማበር ላይ ጠጥተው የከደኑት የውሃ ፕላስቲክ ቆላው ላይ ራሱን ይጨመድዳል። ለስላሳን የሚያገነፍለው በአብዛኛው መናጡ ነው፣ የአየሩ መሳሳትም ያግዘዋል። መኪናው ቆሞ ካልሆነ የታሸገ ለስላሳ አለማስከፈት ነው፤ ለዚህ ነው በውሃ የተተካው።

ጆሮም በዚሁ ይታመማል፤ ይበልጥ የሚያስቸግረው ሲወረድ ነው። መዋጥና ማኘክ ያስከፍተዋል። ስለዚህ ቆሎው የሚታደለው ዋሻው ሳይደረስ ነው። የሚችል ሰው እያኘከ ይወርዳል፤ የሚጠባ ሕፃን እናቱ ታጥባው፤ ትንሽ ልጅ ውሃ እየተጎነጨ ይውረድ።

የማስመለሱ ዋና ሰበብ ፊልሙ ነው። ዓይን ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሎ «ቆመናል» ሲል የውስጥ ጆሮ መታጠፉን ይናገራል፤ አንጎል መሐል ላይ ይቸገራል። ስልክ ላይ ማጎንበስ ከዚህም የባሰ ነው። ቅባትና ክሬም ሲታከልበት የቀረው ጠመዝማዛው ብቻ ነው። አሁን ፊልም የሚከፈተው ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ሰንዳፋና ሸኖን በሚያቋርጠው 130 ኪሎ ሜትር ሜዳማ መንገድ ላይ ነው። ከጣርማበር በፊት ይዘጋል፣ ከሸዋ ሮቢት በኋላ ወደ አጣዬና ከሚሴ ይቀጥላል። በመካከል ያለው ሰዓት የጆሮ ነው፦ ቀድሞ ስልክ ላይ የተጫነ ትረካ (ኔትወርኩ ቁልቁለቱ ላይ ይቆራረጣል፣ ኢንተርኔት ላይ መተማመን አይቻልም)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቆቅልሽ። ልጆቹ መስኮት እያዩ ይጫወታሉ። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ የሚሰጠው አገር ደግሞ ከመንገዱ ላይ ይሁን ተብሎ ሕግ ከወጣ፣ ደብረ ሲናን አስቀድሞ የሰጠ ልጅ ከተማዋ እስክትታይ አንገቱን ሲያሰግግ ሆዱን ይረሳል። (መልሱ ጤዛ ነው፤ ጣርማበር ጠዋት ጠዋት ሞልቷል።)

መዝሙርና ዘፈንን በተመለከተ ክርክሩ አያልቅም። ድብልቅ ተሳፋሪ ባለበት መኪና በጋራ ድምፅ ማጉያ ሁሉንም ለማስደሰት ከመሞከር የራስ ማዳመጫ ያለው በራሱ እንዲሰማ መተው ይቀላል።

ፌስታል ለተሳፋሪ አንድ ታስቦ ይያዛል፣ ለሕፃን ሁለት፤ ከመታደሉ በፊት ውሃ ሞልቶ ቀዳዳ አለመኖሩን መፈተሽ ያስፈልጋል። ሎሚ ማሽተት ይጠቅመኛል የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ይያዝ፣ አይጎዳም። በተለይ የሚያመውን ሰው ከኋላ ጎማ በላይ ሳይሆን ወደ ፊት፣ መንገዱ በሚታይበት ማስቀመጥ ግን ከሎሚ ይበልጣል። የማቅለሽለሽ ክኒን የሚወስድ ፋርማሲ ጠይቆ፣ ከመነሳቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ይውሰድ፤ ጣርማበር ላይ የተዋጠ ክኒን ከመሥራቱ በፊት ይወጣል።

በመልሱ ጉዞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ ሲወጣ ጆሮ ብዙም አያስቸግርም፣ ጠመዝማዛው ግን ያው ነው። ስለዚህ ሮቢት ላይ ማንጎ ገዝቶ ወዲያው መብላት አይመከርም፤ ደብረ ሲና ላይ ከሻጮቹ ቆሎ ተገዝቶ፣ ዋሻው ከታለፈ በኋላ ከሻይ ጋር ቢሆን ይሻላል። ፊልሙም ደብረ ብርሃን ሲደረስ ይከፈታል።