የ50 ደቂቃው ደረሰኝ

ዛሬ ማታ የልጄን የሥነ ልቦና ምክር ደረሰኞች በቀን ቅደም ተከተል እያስተካከልሁ በአንድ አቃፊ ውስጥ ስከት፣ ከመካከላቸው አንዱ አራት ጊዜ ታጥፎ፣ ጠርዙም በእርሳስ ጠቁሮ አገኘሁት። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ቀኑን ማየት አላስፈለገኝም።

ከእናቱ ጋር ከተለያየን ሰባት ወር ሊሞላን ሲል፣ የስምንት ዓመቱ ልጃችን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲነሣ ሆዱን ያመው ጀመር፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ደኅና ይውላል። ሐኪም መርምሮት አካላዊ ሕመም የለበትም ካለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከተወው ሁለት ዓመት ያለፈው አልጋ ማርጠብ ተመለሰ። እናቱ የልጆች አማካሪ ፈልጋ ቀጠሮ ያዘችና “ግማሹን አንተ ትከፍላለህ” የሚል አጭር መልእክት ላከችልኝ። እኔም “ሳታማክሪኝ ለወሰንሽው ነገር እንዴት ከፋይ እሆናለሁ?” ስል መለስሁላት። ጥያቄዬ ከፊል እውነት ነበረው፤ የማያስደስተኝ ግን ልጁ እንዴት እንዳደረ ከመጠየቄ በፊት የጠየቅሁት መሆኑ ነው።

የመለያየት ስምምነታችንን አውጥቼ አነበብሁ። ቀለብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ልብስና ሕክምና በስም ተጠቅሰዋል፤ የሥነ ልቦና ምክር የሚል ቃል ግን የለም። እሷ “ሕክምና ነው” አለች፤ እኔ ደግሞ በየወሩ ከምሰጠው ቀለብ ሊሸፈን ይገባል ብዬ ሞገትሁ። ቀለብ የሚታሰበው በየወሩ ለሚደጋገምና አስቀድሞ ሊገመት ለሚችል ወጪ በመሆኑ፣ ከተለመደው ወጣ ያለ ወጪ ማን እንደሚሸፍነው ለብቻው ካልተጻፈ በቀር፣ ወረቀቱን እያንዳንዱ ወገን ለራሱ እንዲመች አድርጎ ያነበዋል። ስንፈራረም ስለ ቤት ዕቃው ሦስት ገጽ ጽፈን ስለዚህ ግን አንድ መስመር አለመጻፋችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ክርክሬን የሚያጠናክርልኝ ነገር ፍለጋ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀበለውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሳይቀር አገላበጥሁ። አንቀጽ 18 ልጅን የማሳደግ ኃላፊነት የሁለቱም ወላጆች የጋራ ኃላፊነት መሆኑን ስለሚናገር፣ “እንግዲያው ውሳኔውም የጋራ መሆን ነበረበት” ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። አንቀጽ 27 ላይ ስደርስ ግን ለልጁ ዕድገት የሚያስፈልገውን የኑሮ ሁኔታ የማሟላቱ ኃላፊነት በወላጆች ላይ የሚወድቀው እንደየአቅማቸውና እንደየገንዘብ ችሎታቸው መሆኑን አነበብሁ። የእኔ ገቢ የእሷን እጥፍ ያህላል። ግማሽ በግማሽ መካፈሉ እንኳ ለእኔ የሚያደላ እንደነበረ ያን ማታ ገባኝ፤ ገባኝ እንጂ ለማንም አልተናገርሁም። በማግስቱ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቀጠሮዎች ወጪ እኩል ለመካፈል መስማማቴን ስጽፍላት ትልቅ ነገር የለቀቅሁ አስመስዬ ነበር።

ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ ለአማካሪዋ ስልክ ደወልሁ። ልጄ እዚያ ገብቶ በአሸዋና በአሻንጉሊት እንደሚጫወት ነግሮኝ ስለነበር፣ “ይህንማ ቤትም ይጫወታል” የሚል ቅሬታ በሆዴ ይዣለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ስለ እኔ ምን እንዳለ ማወቅ ፈልጌአለሁ። እሳቸው ለልጁ ደኅንነት የሚያሰጋ ነገር ከሰሙ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሁለታችንም እንደሚነግሩን፣ ስለ አጠቃላይ ሁኔታውም በየጊዜው ለሁለታችን አንድ ዓይነት ማብራሪያ እንደሚሰጡን፣ ዝርዝሩ ግን ልጁ አምኖ የሰጣቸው መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። “የምከፍለው እኮ እኔ ነኝ” አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ “እርስዎ የሚከፍሉት ለእኔ ጊዜ ነው፤ የሚነግረኝ የእሱ ነው” አሉኝ። ለፍርድ ቤት የሚሆን ደብዳቤ ይጽፉልኝ እንደሆነ ልጠይቃቸው ያሰብሁትን፣ ሳልጠይቅ ስልኩን ዘጋሁ። በኋላ ሳስበው፣ ልጅን የሚረዳው ባለሙያና ስለ አሳዳጊነት ለዳኛ የሚመሰክረው ባለሙያ አንድ ሰው ቢሆኑ፣ ልጁ የተናገረው ሁሉ በአባቱ ወይም በእናቱ ላይ ማስረጃ ይሆናልና ከዚያ ወዲያ አፉን የሚከፍት አይመስለኝም።

ደረሰኙ የመጣው በአራተኛው ሳምንት ነው። እኔና እናቱ ፊት ለፊት ላለመነጋገር ስንል ወረቀት ሁሉ በልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይመላለስ ነበር። ማታ የቤት ሥራውን ሊሠራ እርሳስ መያዣውን ሲከፍት፣ ከመቅረጫውና ከላጲሱ መካከል አንዲት ትንሽ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። ስሙ ተጽፎባታል፤ ከሥሩ “50 ደቂቃ” ይላል፤ ከዚያ የገንዘቡ መጠን። በጣቱ ከደቂቃው ወደ ገንዘቡ ተጓዘና፣

“አባዬ፣ ቶሎ ቶሎ ካወራሁ ይቀንሳል?” አለኝ።

ምን ብዬ እንደመለስሁለት በትክክል አላስታውስም። “አይቀንስም፣ ደግሞም ውድ አይደለም” ያልሁ ይመስለኛል፤ ወረቀቷን ግን መልሶ አጣጥፎ እርሳስ መያዣው ውስጥ ሲከታት ማየቴን አልረሳም። በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸው የተለያዩት በእነሱ ጥፋት እየመሰላቸው እንደሚጨነቁ አማካሪዋ በመጀመሪያው ቀን ነግረውን ነበር። እኛ በዚያ ላይ ሒሳቡን ጨምረንለታል።

በዚያው ሌሊት ለእናቱ ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፍሁ። ወጪውን በየገቢያችን እንድንካፈል፣ ከሦስት እጅ ሁለቱን እኔ እንድሸፍን፣ ሁለታችንም ድርሻችንን በቀጥታ ለአማካሪዋ እንድንከፍልና ደረሰኙ በኢሜይል እንዲላክልን፣ ከእንግዲህም በልጁ ቦርሳ ምንም የገንዘብ ወረቀት እንዳይገባ ጠየቅኋት። ልጁ በቀጠሮው ቀን ከማን ጋር እንደዋለ ታይቶ፣ ላመለጠ ቀጠሮ የሚጠየቀውን ክፍያ ያ ወላጅ ብቻውን ይቻለው የሚል ሐሳብም ነበረኝ፤ እሷ ይህን አልተቀበለችውም፣ ቀጠሮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በእሷ ቀን ስለሚውሉ እውነቷን ነበር። በምትኩ ያልጠበቅሁትን አንድ ነገር ጨመረች፦ ማናችንም ብንሆን በገንዘብ ምክንያት በድንገት እንዳናቋርጥ፣ ማቆም የግድ ከሆነም ልጁ አማካሪዋን የሚሰናበትበት አንድ ቀጠሮ እንዲቀርለት። ከቤታችን አንድ ሰው ሳይሰናበተው እንደወጣበት ማስታወሷ ነበር፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ “ተስማምቻለሁ” ብቻ ብዬ መለስሁ።

አልጋ ማርጠቡ ቀርቷል፤ የሆድ ሕመሙ ግን ሰኞ ሰኞ አሁንም ብቅ ይላል። ባለፈው ሐሙስ ተራው የእኔ ስለነበረ ወስጄው ውጭ ተቀምጬ ጠበቅሁት። በሩ የተከፈተው ሰዓቱ ካለፈ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ጃኬቱን እያለበስሁት ሳለ ቀና ብሎ አየኝና፣ “ዛሬ ቀስ ብዬ ነው ያወራሁት” አለኝ። ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋሁለትና ወጣን።